ፓምፑ እያጉረመረመ አልዞር ካለ ተቃጥሏል ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «ቤታችን አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው፤ ጂ ፕላስ ዋን። መሬት ላይ የ5 ሺህ ሊትር ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ የ1 ሺህ ሊትር አለን። ከታች ወደ ላይ የሚገፋው 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ነው። በክረምቱ ውሃው በራሱ ግፊት ላይ ድረስ ይወጣ ስለነበር ፓምፑን ሁለት ወር ያህል አልነካነውም። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስንከፍተው ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። የ10 አምፔሩ ብሬከር እየወደቀ ስላስቸገረን አውጥተን 32 አስገባን። አሁን ብሬከሩ አይወድቅም። ፓምፑ ግን ትንሽ አጉረምርሞ ዝም ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይነሳና እንደገና ያጉረመርማል። በቴስተር ስናየው መብራት አለ። የጠራነው ኤሌክትሪሺያን ‹ተቃጥሏል፣ ይጠምጠም› አለን። የእህቴ ልጅ ደግሞ ‹ችግሩ አውቶማቲኩ ነው፤ በቀጥታ እንቀጥለው› ይላል። የማንን እንስማ?»

ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። መጀመሪያ የፓምፑን ስፒና ይንቀሉ። ከዚያ ያንን 32 አምፔር ብሬከር ዛሬውኑ አስወጥተው አሮጌውን ያስመልሱ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የ10 አምፔሩ ብሬከር የወደቀው ደክሞ አይደለም። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤት ፓምፕ በሰላም ሲዞር የሚወስደው ወደ 5 አምፔር ነው። መዞር ሲያቅተው ግን የዚያን አራትና አምስት እጥፍ ይስባል፤ ከ20 እስከ 25 አምፔር ማለት ነው። አሥሩ ይህን አይቶ ቆረጠ፤ ሥራውን ሠራ። ሠላሳ ሁለቱ ግን 25 አምፔርን እንደ ጤነኛ ጭነት ነው የሚያየው። ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ወደ ሶኬት የሚሄደው ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ነው፤ ይህን ያህል አምፔር ለረጅም ጊዜ ለመሸከም አልተሠራም። ስለዚህ አንድ ቀን ብሬከሩ ከመውደቁ በፊት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሊግል ይችላል። ብሬከር በወደቀ ቁጥር በትልቁ መቀየር በየሰፈሩ የተለመደ ነገር ነው። ቤት የሚያቃጥል ልማድ ነው፤ አለሳልሼ ልናገረው አልችልም።

«አጉረምርሞ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ይነሳል» ያሉት ነገር ደግሞ ብዙ ይናገራል። በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ሙቀት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ሲበርድ መልሶ የሚያገናኝ ትንሽ መከላከያ አለ። የሚሰሙት የእሱን ሥራ ነው። በአንድ በኩል ጥሩ ወሬ ነው፤ መከላከያው አለ ማለት ነው፣ ሥራውን የሚሠራ ጥቅልም አለ ማለት ነው። ርካሽ ፓምፖች ላይ አንዳንዴ ጭራሽ አይኖርም። በሌላ በኩል ግን ፓምፑን ሳይነቅሉ ከተኙ ሌሊቱን ሙሉ ሲግልና ሲበርድ ያድራል። በጋለ ቁጥር የጥቅሉ ቫርኒሽ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ያልተቃጠለውን ሞተር በእውነት እስኪቃጠል ድረስ ራሳችሁ እያቃጠላችሁት ነው።

ወደ ቴስተሩ ልምጣ። ያ የሚበራው ካቻቢቴ የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ እዚያ መድረሱን። ቮልቴጁ 220 ይሁን 150 አይለይም፤ በሁለቱም ይበራል። ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ተቆርጦ ቢሆንም ይበራል። ስለዚህ «በቴስተር አይተናል፣ መብራት አለ» የሚለው ለፓምፕ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የሚያስፈልገው ቁጥር የሚያሳይ መልቲሜትር ነው። ባለሙያ ጠርተው መልቲሜትር ሳያወጣ «ተቃጥሏል» ካለ፣ ያለ መለኪያ እየገመተ ነው።

የእህትዎ ልጅ ሐሳብ ደግሞ ከማጉረምረሙ ጋር አይሄድም። አውቶማቲኩ፣ ማለትም ፓምፑን እንደ ውሃው ግፊት የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ሳጥን፣ ቢበላሽ ኖሮ ፓምፑ ድምፅ አያሰማም ነበር። ካጉረመረመ ኤሌክትሪክ ሳጥኑን አልፎ ሞተሩ ጋ ደርሷል። አውቶማቲኩን መዝለል እዚህ ምንም አይፈታም። እንዲያውም ብዙዎቹ ሳጥኖች ታች ያለው ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን ያቆማሉ። ያንን ዘልላችሁ በቀጥታ ከቀጠላችሁ ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን ፓምፑ ደረቁን ይዞራል። ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚከለክለው ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው፤ በደረቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው። የሚያጉረመርምና የማይዞር ፓምፕ በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች አንዱ አለበት። ዘንጉ ተይዟል፤ ወይም ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሞቷል፤ ወይም ቮልቴጁ አንሷል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የጥቅሉ ተራ የሚመጣው። እርስዎ ከነገሩኝ ታሪክ እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ፓምፑ ሁለት ወር ቆሟል።

ትንንሽ የቤት ፓምፖች ውስጥ ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር ብዙ ጊዜ የነሐስ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ጥቃቅን ጥርስ አለው። በእሱና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው። ፓምፑ ያን ያህል ከፍታ የሚገፋው በዚህ ጥበት ነው። ችግሩም እዚያው ነው። ሽፋኑ ብረት ስለሆነ ሲቆም ይዝጋል። ዝገቱና ከውሃው የሚቀረው ነጭ ማዕድን ክፍተቱን ሞልቶ ኢምፔለሩን ይይዘዋል። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ይህን ቶሎ ያዩታል። በየቀኑ የሚሠራ ፓምፕ ራሱን ያጸዳል። ክረምቱን ሙሉ የተኛ ግን ጥቅምት ላይ ሲነቃ ያጉረመርማል።

ይህን ለማየት ባለሙያም መሣሪያም ብዙ አያስፈልግም። ስፒናው መነቀሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ብሬከር ብቻ ማውረድ አይበቃም። ከፓምፑ ኋላ ያለውን የፋን ክዳን የያዙትን ብሎኖች ይፍቱ። በብዙ ፓምፖች የዘንጉ ጫፍ ላይ ለጠፍጣፋ ካቻቢቴ የተሠራ ስንጥቅ አለ። እዚያ አስገብተው ለማዞር ይሞክሩ። ጤነኛ ዘንግ በሁለት ጣት ኃይል ይዞራል። ካልዞረ ችግሩን አገኙት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቀስ እያደረጉ ያነቃንቁት። ስንጥቅ ከሌለው ፋኑን ይዞ ማዞር ይቻላል፤ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ በኃይል ከሆነ ይሰበራል። በመዶሻ መምታት የለም። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ከዚያ አንዱን ችግር በሌላ ቀየሩት ማለት ነው።

በዚህ እሺ ካላለ ውሃውን አፍስሰው፣ በመሙያ ቀዳዳው ነጭ ኮምጣጤ ጨምረው አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩትና እንደገና ይሞክሩ። ማዕድን ከሆነ ይለቃል። ዝገት ከሆነ የፊት ሽፋኑ ቡሎኖች ተፈትተው፣ ኢምፔለሩ ወጥቶ፣ ሁለቱም ፊት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መጥረግ አለበት። ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ ወይም የጎማ ቀለበቱ አዲስ ይሁን። አንድ ነገር ግን እባክዎ፦ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይም ሆነ የሞተር ዘይት ውስጡ አይርጩ። ጋራዥ ይሠራል፤ ይህ ግን ልጆች የሚጠጡት ውሃ የሚያልፍበት ነው። ኮምጣጤውንም ቢሆን በንጹህ ውሃ አጥበው፣ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ላይኛው ሮቶ ሳይሆን ወደ ውጭ ያፍስሱት።

ዘንጉ ያለችግር የሚዞር ከሆነ ካፓሲተሩ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ነው። ቤታችን የሚገባው መብራት አንድ ፌዝ ነው። በአንድ ፌዝ የሚሠራ ሞተር ለብቻው የመነሻ አቅጣጫ የለውም። ካፓሲተሩ ባትሪው የሞተ መኪና ከኋላ እንደሚገፋ ሰው ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ባለበት ይንቀጠቀጣል። በሞተሩ ላይ ባለው የሽቦ ሳጥን ውስጥ ወይም አጠገቡ የሚገኝ ሲሊንደር መሳይ ዕቃ ነው። ሲያብጥ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ፈሳሽ ሲወጣው በዓይን ይታያል። ብዙ ጊዜ ግን ከላይ አዲስ መስሎ ውስጡ ያለቀ ነው። ስለዚህ ካፓሲተር መለካት በሚችል መልቲሜትር መታየት አለበት። አካሉ ላይ 20 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ ነው) ተጽፎ 11 ካነበበ ሞቷል። ከተጻፈው አምስት በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል ግን ችግር የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በጣት ከነኩት ይመታል። አንዳንድ ባለሙያ ሁለቱን ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝቶ ያፈነዳዋል። ይሠራል፣ ግን ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። የቀደመው ዓይነት ባለክር አምፖል በሁለት ሽቦ ለጥቂት ሰከንድ ቢነካው በሰላም ይወጣለታል። ሁለተኛው፣ «ትልቅ ካፓሲተር ፓምፑን ያጠነክረዋል» የሚባለው ውሸት ነው። ማይክሮፋራዱ ሲበዛ በመነሻው ጥቅል የሚያልፈው አምፔር ከልክ ያልፋል፤ ፓምፑ ቆንጆ ይነሳል፣ ከዚያም በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። ቁጥሩ ያው ይሁን፤ ቮልቱ 450 የሚል ይሁን። መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን በእጅዎ ይዘው ይሂዱ።

ፋኑን በእንጨት ገፋ አድርጎ መብራት ላይ እንዳለ የማስነሳት ዘዴም አለ። ከተነሳ ካፓሲተሩ መሞቱን ያሳያል። ባለሙያ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ እርስዎ ግን አያድርጉት። ድንገት የሚነሳ ፋን ለጣት አያዝንም፤ መለኪያው እያለ ደግሞ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ቮልቴጅ ነው። እናንተ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሩ ይህንንም እንዳልተወው ያደርገኛል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፤ በቮልቴጁ ስኩዌር፣ ማለትም ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ፣ ነው። 220 መሆን የነበረበት 170 ከደረሰ የሚቀረው ጉልበት 60 በመቶ ገደማ ነው። መብራት በተመለሰ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጁንና ምጣዱን አንድ ላይ ይከፍታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜም እንዲሁ ነው። ማታ አልዞር ያለ ፓምፕ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያለችግር ከተነሳ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም።

መለኪያው የሚቀመጠው ግን ቆጣሪው ጋ ሳይሆን ፓምፑ ጋ፣ ፓምፑ ለመነሳት በሚሞክርበት ቅጽበት ነው። ይህን ኤሌክትሪሺያኑ ያድርገው። ሲቆም 220፣ ሲሞክር 160 ካሳየ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ። ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ የሆነ ቦታ በናስትሮ የተጠቀለለ ልል መጋጠሚያ አለ። 40 ሜትር ርቀት በ1.5 ካሬ ሽቦ ከተሳበ ፓምፑ ሲነሳ መንገድ ላይ ብቻ ወደ 20 ቮልት ይጠፋል። ፓምፕ ከኤክስቴንሽን አይሠራም የምንለው ለዚህ ነው።

ዘንጉ ይዞራል፣ ካፓሲተሩ አዲስ ነው፣ ቮልቴጁም ደህና ነው፣ አሁንም ያጉረመርማል እንበል። አሁን «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ቦታ ያገኛል። የመነሻው ጥቅል ብቻ ተቆርጦ ዋናው ደህና ቢሆንም ሞተሩ ልክ እንዲህ ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪሺያንዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ናቸው። ካፓሲተሩ ተፈትቶ በየሁለቱ መካከል ያለው ኦም (የሽቦው ተቃውሞ) ይለካል። ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። አንደኛው ጭራሽ ካላነበበ ጥቅሉ ተቆርጧል። ከሦስቱ በማንኛቸውና በብረት አካሉ መካከል ንባብ ከታየ ደግሞ ወደ አካሉ እየፈሰሰ ነው። ፓምፑ ከዚህ በፊት ሲነኩት ይነዝር ከነበረ ይህን አስቀድመው ይንገሩት፤ ያለ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) የተቀጠለ፣ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ፓምፕ ሰው ይገድላል።

ይጠምጠም ወይስ ይጣል? በግማሽና በ1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ላይ የእኔ ምክር መጣል ነው። ጠምጣሚዎቻችን ሙያተኞች ናቸው፤ ችግሩ እነሱ አይደሉም። ጥቅሉ እስኪቃጠል የደረሰ ትንሽ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታውም ማሸጊያውም አብሮ አልቋል። ጥምጠማው፣ ኩሽኔታው፣ ማሸጊያውና የመፍቻ የመግጠሚያው ሲደመር ወደ አዲሱ ዋጋ ይጠጋል፤ ያለ ዋስትና። 2 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ጥሩ የመዳብ ጥቅል የነበረው ከሆነ፣ ማስጠምጠም ያዋጣል። ሲያስጠመጥሙ «የመዳብ ሽቦ» ብለው ይነጋገሩ፤ ሙቀት የሚቆርጠው መከላከያ ተመልሶ መግባቱንም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

አዲስ መግዛት ላይ ከደረሱ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በአዲስ አበባ ዓይን ያንብቡት። «8 ሜትር ይስባል» የሚለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ቀጭን ነው። ፓምፕ ውሃ የሚስበው አየር ከላይ ሲገፋለት ስለሆነ ያው ፓምፕ እዚህ 5 ሜትር ከሳበ ጥሩ ነው። ሮቶው ከፓምፑ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ይህ አያሳስብም፤ የመሬት ውስጥ ታንከር ላለው ግን ወሳኝ ነው። ሞተሮች ላይ የሚጻፈው አቅም ደግሞ የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ቀጭን አየር እምብዛም አያቀዘቅዝም። የከተማችን ብርድ ያካክሰዋል፤ ፓምፑን በቆርቆሮ ሳጥን አፍነው ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት ግን አያካክሰውም።

ፓምፑ ጭራሽ ድምፅ ለማያሰማባቸው በአጭሩ፦ መጀመሪያ አውቶማቲኩ ላይ ቀይ መብራት እንዳለ ይዩ። ውሃ አልቆ ራሱን ቆልፎ ይሆናል፤ ሮቶው መሙላቱን አይተው ዳግም ማስነሻውን ይጫኑ። ቀጥሎ ሮቶ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ማብሪያ በእጅ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ በገመዱ ተጠላልፎ ወይም ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ፎቅ ለበዛባቸው ቤቶች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ አውቶማቲኮች ፓምፑን የሚያስነሱት ግፊቱ ከ1.5 ባር ሲወርድ ነው። 15 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ግን በክብደቱ ብቻ 1.5 ባር ይሰጣል። ከሳጥኑ እስከ ላይኛው ባንቧ ከዚያ ከበለጠ ላይኛው ፎቅ ውሃ አጥቶ ታች ያለው ሳጥን «ግፊት አለ» ብሎ ይቀመጣል። የሚፈታው ሳጥኑን ወደ ላይ በማውጣት ወይም ከፍ ባለ ግፊት የሚያስነሳ ዓይነት በመግዛት ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ቤት የምለው ይህ ነው። ሞተሩን ወደ ጠምጣሚ አይላኩት፤ አዲስም አይግዙ። ፓምፑ እንደተነቀለ የኋላ ክዳኑን ይክፈቱና ዘንጉን ይሞክሩ። ከለቀቀ፣ ካፓሲተሩን አስለክተው ከቀነሰ ይቀይሩት፤ ከአዲስ ፓምፕ ጋር ሲተያይ ዋጋው የትም አይደርስም። የ10 አምፔሩ ብሬከር ይመለስ። ከፊቱ ቮልቴጅ ሲያንስም ሲበዛም የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ያስገቡ። በክረምት ፓምፑ ባያስፈልግም በየሁለት ሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ያዙሩት። የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርጉ የፓምፑን ሆድ በመሙያው ቀዳዳ በውሃ ሞልተው፣ አየሩ ወጥቶ መሆኑን አይተው፣ አንድ ሰው ስፒናው አጠገብ ይቁም። አምስት ሰከንድ ውስጥ ካልዞረ ይንቀለው፤ ሁለተኛ ሙከራ ከመለኪያው በፊት አይደረግ።